ከተማሪዬ ጎን የተነሳሁበት ቀን

የአካቶ ትምህርት፣ ማለትም ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር ባንድ ክፍል የሚማሩበት ትምህርት፣ መምህር ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ሥራዬን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ልዩ ፍላጎት ያለው ተማሪ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ያልገባውን አስረዳለሁ፣ አለቀ።

መስማት የተሳናት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከጎኗ ሆኜ በምልክት ቋንቋ አስተረጉምላታለሁ፣ ማስታወሻ እጽፍላታለሁ፣ ስትጠየቅም መልሱን ቀድሜ እጠቁማታለሁ። ውጤቷ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፦ «ቲቸር፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ አጠገቤ ሲቀመጡ ማንም አያናግረኝም።»

በጣም ከፋኝ። ግን በማግስቱ ልብ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። በቡድን ሥራ ላይ ጓደኞቿ «ገባት?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። አስተማሪውም እንደዚያው፣ እሷ ዓይን ዓይኑን እያየችው። አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላት ልጅ ይሄ ከባድ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከትምህርቱ እኩል ጓደኛ ያስፈልጋል።

ተነስቼ ፊት ለፊት፣ ሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ። ለነገሩ ማስተርጎም ያለብኝ መጀመሪያም ከዚያ ነበር፣ ምክንያቱም አስተማሪውን፣ ሰሌዳውንና እጄን ባንድ ላይ ማየት የምትችለው እንደዚያ ሲሆን ነው። መልስ መጠቆሙንም ተውኩ። ስትሳሳት እጄን አጣጥፎ ማየቱ፣ እውነቴን ነው፣ ከሁሉም በላይ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራዬ ከክፍለ ጊዜው በፊት ያለው ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለእያንዳንዱ ትምህርት አስተማሪው ሌላ ነው፣ ፊዚክስን ደግሞ ከፊዚክስ መምህሩ በላይ አላውቅም። እኔ የማውቀው ትምህርቱ ተማሪዋን የት ላይ እንደሚጥላት ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ዕቅድ አስቀድሜ እየጠየቅኩ አዳዲስ ቃላቱን ከእሷ ጋር ቀድመን እናያለን፣ ምልክት የሌለውን እንስማማበታለን። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ ማውራት ይወድ ነበር። በ፣ ፐ እና መ ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት እንደሆኑ፣ «በላ» እና «መላ» ድምፅ ከሌለ እንደማይለዩ ሳሳየው ደነገጠ። መጀመሪያ ጻፍ፣ ዙር፣ ከዚያ ተናገር ተባባልን። ሲረሳ እሷ እጇን ታነሳለች። ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹም ማንሳት ጀመሩ።

ዓይነ ስውር ተማሪ ባለበት ክፍልም ይኸው ነው። ሒሳብ ላይ «ይሄን ከዚህ ስንቀንሰው» ማለት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም፤ «ከሦስት ኤክስ ላይ አምስት ስንቀንስ» ሲባል ግን ይከታተላል። ኋላ ወንበር ላይ ሰሌዳው በደንብ የማይታያቸው፣ ለማንም ያልተናገሩ ልጆችም ተጠቀሙበት።

ፈተና ላይ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። የማንበብ ችግር ላለበት ተማሪ የታሪክ ጥያቄዎቹን ሳነብለት ለሌሎቹ አድልዎ ነው ያሉ ነበሩ። አልተቀበልኩም፤ የሚለካው የታሪክ ዕውቀቱ እንጂ ንባቡ አይደለም። ከዚያ በዚያው ሞቅታ የቋንቋ ፈተና ላይ ያለውን ምንባብም አነበብኩለት። የቋንቋ መምህሯ ተቆጣች፣ ልክም ነበረች። እዚያ የሚለካው ራሱ ንባቡ ነው፣ እና ተጨማሪ ሰዓት ብቻ ነበር መስጠት የነበረብኝ። አሁን ማንኛውንም ማመቻቸት ከማድረጌ በፊት ፈተናው ምን እንደሚለካ መምህሩን እጠይቃለሁ።

በ1994 እ.ኤ.አ. ስፔን ሳላማንካ ላይ የ92 መንግሥታት ተወካዮች የተስማሙበትን ሰነድ በሥልጠና አንብቤዋለሁ። መደበኛው ትምህርት ቤት ራሱን ከልጁ ጋር ያስማማ ነው የሚለው። እኔ ግን ልጅቷን ካልተለወጠ ክፍል ጋር ሳስማማ ነበር የከረምኩት።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከቡድኗ አንዷ ወደ እኔ መጥታ «ቲቸር፣ ‹ግፊት› በምልክት እንዴት ነው?» አለችኝ። እጄ ሊያሳያት ተነስቶ ነበር። መለስኩትና «እሷን ጠይቂያት» አልኳት። ሄዳ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።