እምቦጩስ ወጣ፤ የት ይጣል?

እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ከጣና ማውጣት ከባድ ነው የሚል ሰው፣ ከወጣ በኋላ ያለውን ጣጣ አላየም ማለት ነው። እኔ በሐይቁ ዳር ባለው ሊቦ ከምከም ወረዳ በኩል ሥራውን ሳስተባብር አየሁት።

ጊዜው 2013 ዓ.ም.፣ እምቦጭን ከጣና ለማስወገድ የታወጀው የአንድ ወሩ ዘመቻ የተጧጧፈበት ወቅት ነበር። እኛ ጋ አሣ አጥማጆች፣ ባሕር ሸሽ መሬት (ሐይቁ ሲጎድል የሚገለጠውን) የሚያርሱ ገበሬዎችና ከከተማ የመጡ ወጣቶች አብረው ይሠራሉ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሐምራዊ አበባውን ይዘው ፎቶ መነሳት አብዝተው ነበር። አልቅት እግራቸው ላይ መጣበቅ ሲጀምር ፎቶው ቀረ። ደግነቱ ጎበዞች ናቸው፤ እስከ ወገባቸው ገብተው በመንሽም በእጅም ይጎትታሉ። አጥማጆቹ ደግሞ በታንኳ ሆነው ወደ ዳር ይገፉላቸዋል። ጥቁሩ ሥር እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ፣ ጭቃ እያንጠባጠበ ይወጣል። ሽታው ልብስ አይለቅም።

ጠቡ የመጣው ክምሩ ሲያድግ ነው። አንድ ገበሬ ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ከባሕሩ አንስታችሁ እኔ ማሳ ላይ ልትከምሩት ነው? ሽምብራዬን የት ልዝራ?»

አንዱ አጥማጅ ቀበል አደረገና፣ «አያ፣ መረባችን በእምቦጭ ተይዞ ሲበጣጠስ ዝም ብለው አልነበር?» አላቸው። ነገሩ ወደ ስድብ ሊሄድ ሆነ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እርጥቡ ዳር ላይ ከቀረ ክረምት ባሕሩ ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከላይ የመጣልን ዕቅድ ስንት ሄክታር እንደሚጸዳ ይናገራል፤ የት እንደሚጣል ግን አንድ መስመር የለውም። እምቦጭ በአገራችን ቆቃ ሐይቅ ላይ የታወቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ለማሰብ ጊዜ አጥሮን ነበር ማለት ይከብዳል።

የእድሩ ዳኛ ሁለቱንም ወገን አስቀመጡና አጥማጆቹን ብቻ ጠየቁ። «ክረምት ባሕሩ የት ድረስ ይመጣል?» ከወል ግጦሹ በታች ያለችውን ቦይ አሳዩ። ከቦይዋ በላይ ይወሰድ ተባለ። ማን ይሸከም ሲባል ግን ሁሉም ዝም።

ያኔ ቆሎ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ሳቁብን። «እርጥቡን ምን አሸከማችሁ? ፀሐይ ይሸከምላችሁ እንጂ!»

እውነት ነው፤ እምቦጭ ከመቶው ከ90 በላይ ውሃ ነው። ገበሬው ማሳቸውን እስኪደርቅ ድረስ ፈቀዱ፤ አጥማጆቹ ደግሞ ከዘር በፊት ሊያነሱላቸው ቃል ገቡ። ሲደርቅ በአህያና በቃሬዛ ከቦይዋ በላይ ወጥቶ ተቃጠለ። ማሳውም በጊዜው ተለቀቀ።

አሁን ዘመቻ ሲታሰብ ከጓንትና ከመንሽ በፊት የማድረቂያው ቦታ ከባለ ማሳው ጋር ይነገራል። የአህያው ኪራይ በማን ይከፈል የሚለው ግን እስካሁን ያጨቃጭቀናል።