እግሩን የት ነው ያሳረፈው?

ባለፈው ቅዳሜ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ሳቢያን፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ከሌለ ኑሮ የለም። ከሮቶው ስር ያለው መገጣጠሚያ ዳዶው ላልቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ አደረ። ቆርቆሮው ሳይግል ልጨርስ ብዬ በጠዋት እንግሊዝ ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮ በእጅ አይነካም።

አንድ እግሬ አጣና ላይ ነው፣ ሌላው አየር ላይ። ቁልፉን ሳብኩት። ዳዶው ንቅንቅ አላለም፣ የዞርኩት እኔ ነኝ። ደግሜ ሳብኩ፣ ያው ነው። አባቴ ሽርጡን አገልድሞ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። ዕድሜውን በሙሉ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ብሎን ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው ነው። «አቦ፣ መጀመሪያ እግርህን አስይዝ!» አለኝ ከታች። ሳንቃ አቀበለኝ። እሱን አጋድሜ፣ እግሬን ሽቅብ ግድግዳው ላይ ተክዬ፣ በግራ እጄ የሮቶውን ማቆሚያ ብረት ይዤ ስስበው በሁለት ዙር ጥብቅ አለ።

ይቺ ነገር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ምክንያቱም ስለ ጠፈር ሳነብ ሁሌም የሚመስጠኝ ዘመን አለ፣ እሱም የሰው ልጅ ከመንኮራኩር ውጭ መሥራትን የተማረበት ጊዜ ነው። መውጣቱን አይደለም የምላችሁ፣ መሥራቱን ነው። በሁለቱ መሀል የነበረው ችግር ደግሞ ልክ የኔው የጣሪያ ችግር ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ሶቭየታዊው አሌክሲ ሊዮኖቭ ነው። በፈረንጆቹ ማርች 18፣ 1965፣ በኛ መጋቢት 9፣ 1957። ውጭ የቆየው 12 ደቂቃ ያህል ነው። ልብሱ ባዶው ውስጥ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ጣቶቹ ከጓንቱ ጫፍ ራቁ፣ መመለሻው ጠባብ በር አላስገባው አለ። በመጨረሻ ከልብሱ ውስጥ አየር እያስተነፈሰ፣ በእግሩ መግባት ሲገባው በጭንቅላቱ ገባ። ይሄን ሳነብ ዛሬም ትንፋሼን እይዛለሁ።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ አሜሪካዊው ኤድ ዋይት ጀሚኒ 4 ከተባለችው መንኮራኩር ወጣ። 20 ደቂቃ አለፍ ላለ ጊዜ፣ ጋዝ የምትተፋ ትንሽ መሣሪያ በእጁ ይዞ ሲንሳፈፍ ቆየ። በጣም ደስ ብሎት ስለነበር መመለሱ ከብዶት ነበር። እና ሁሉም ሰው ውጭ መሆን ቀላል ነው ብሎ አሰበ። ዋይት ግን የሚፈታም የሚያስርም ነገር አልነበረውም።

እውነቱ የታየው በጁን 1966፣ በጀሚኒ 9 ነው። ጂን ሰርናን ወደ መንኮራኩሩ ጀርባ ሄዶ፣ እዚያ የተቀመጠውን እንደ ቦርሳ የሚታዘል መንቀሳቀሻ ማዘል ነበረበት። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን አንድ ነገር ሊያዞር ሲሞክር እሱ ራሱ በተቃራኒው ይዞራል። ሊገፋ ሲል ይገፋል። የሚጨብጠው እጀታ በቂ አይደለም፣ እግሩን የሚይዝለት ነገርም አላገኘም። በአየር የተሞላው ልብስ ደግሞ እንደ ጎማ ይገትራል፣ ክንድ ለማጠፍ ብቻ ትግል ነው። ሥራው ራሱ አይደለም ያደከመው፣ ባለበት መቆየቱ ነው። የልቡ ምት በደቂቃ ወደ 180 ወጣ። ልብሱን የሚያቀዘቅዘው አየር ብቻ ስለነበር ያንን ሁሉ ላብ አልቻለውም፣ እንፋሎቱ የራስ ቁሩን መስታወት ሸፈነው። መጥረጊያ የለ፣ እጅ አይገባ። በአፍንጫው ጫፍ እየጠረገ ትንሽ ቀዳዳ ፈጥሮ በዚያች ነበር የሚያየው። በመጨረሻ ሥራው ተሰረዘ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ቆይቶ እየዳበሰ ተመለሰ።

ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ዲክ ጎርደን በጀሚኒ 11 አንድ 30 ሜትር ገመድ ማሰር ነበረበት። ገመድ ማሰር ብቻ! የመንኮራኩሩን አፍንጫ እንደ ፈረስ ኮርቻ በእግሮቹ ቆንጥጦ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ አሰረው። ከዚያ አቅሙ አለቀ። በ33 ደቂቃ ገባ።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፣ ጠንካራ ፓይለቶች ናቸው። ችግሩ ልምምዱ ነው። ክብደት አልባነትን የሚለማመዱት ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወርድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፣ እያንዳንዱ ዙር 20 ሰከንድ ገደማ ይሰጣል። 20 ሰከንድ ሠርተህ፣ አርፈህ፣ ደግመህ ትሠራለህ። ድካሙ እየተጠራቀመ ሲሄድ የሚታየው ግን ሳታቋርጥ ስትሠራ ነው፣ አውሮፕላኑ ያንን ሊያሳይህ አይችልም።

መፍትሔው የተገኘው በዋና ገንዳ ነው። በሜሪላንድ አንድ ትምህርት ቤት ገንዳ ውስጥ፣ የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰው እንዳይሰምጥም እንዳይንሳፈፍም ክብደቱን አመጣጥነው ለረጅም ሰዓት አለማመዱት። ባዝ አልድሪን ድሮም ጠላቂ ነበር፣ ውሃው አልከበደውም። በኖቬምበር 1966 በጀሚኒ 12 ሲወጣ ወገቡን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያስሩ አጫጭር ገመዶች ነበሩት፣ ተጨማሪ መጨበጫዎች ነበሩት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግሩን የሚከትባቸው ከመንኮራኩሩ ጋር የተገጠሙ ሁለት ወርቃማ ጫማዎች ነበሩት። ብሎን ፈታ፣ አሰረ፣ ገመድ ነቀለ፣ ሰካ። በየመሀሉ ያርፋል። በሦስት ዙር በድምሩ 5 ሰዓት ተኩል ሠራ፣ መስታወቱም አልታፈነም።

ማታ ለአባቴ ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ግቢው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፣ ሻይ እየጠጣን ነው። የሰርናንን ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

«እግሩን የት ነው ያሳረፈው?»

«የትም፣ አባዬ። ማሳረፊያ የለውም።»

«ታዲያ በምን ጉልበቱ ያዞረዋል?» አለ። ሰውዬው አሳዝኖታል፣ ፊቱ ላይ ይታያል።

ከዋይት እስከ አልድሪን 17 ወር ነው። ጥያቄው ቀላል ስለሆነ አይደለም ያን ያህል የፈጀው፤ አባቴ ያወቀው አርባ ዓመት ሙሉ በእግሩ ቆሞ ብሎን ሲታገል ስለኖረ ነው። እነሱ ደግሞ ማንም ቆሞበት በማያውቅ ቦታ፣ ሕይወታቸውን አስይዘው ነው የተማሩት። ለሁለቱም ያለኝ አክብሮት አንድ ነው።

ስለ አልድሪን ጫማዎች ስነግረው ግን ዝም ብሎ አልሰማኝም። መነጽሩን አድርጎ ስልኬን ተቀበለኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሳድጎ፣ ተረከዙ የሚገባበትን ቦታ፣ ከስር በምን እንደታሰረ፣ ረጅም ጊዜ አየው።

«ብሎኖቹ ስንት ናቸው?» አለኝ።