ከጋን ወደ በርሜል ሲኬድ

አዳማ ውስጥ በአንድ ድግስ አዘጋጅ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። የጥር ሠርግ ሲደራረብ ጠጁ የሚጣለው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። የሚጥሉልን አንዲት እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

አንድ ሰሞን አንድ ወጣት ባልደረባችን ሊያግዛቸው ገባ። ልጁ ቤቱ በ20 ሊትር ጀሪካን ጠጅ ይጥላል። እኔም ቀምሼለታለሁ፤ እጁ ጥሩ ነው። አለቃችን ይህን አይቶ 200 ሊትር የሚይዝ ባለ ክዳን የፕላስቲክ በርሜል ገዛለት። አዲስና ለምግብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አለቃችን በዚህ አልተሳሳተም። ኬሚካል ወይም ዘይት የከረመበት በርሜል ቢታጠብ ቢታጠብ ሽታውን አይለቅም፤ ጤናም ይጎዳል።

ልጁ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በረዘ። ሰፈፉን ገፈፈ፣ ጌሾውን ጨመረ። ከዚያ ዝንብና አቧራ እንዳይገባ ብሎ ክዳኑን ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው።

ከሰዓት ላይ ዕቃ ልቆጥር ስገባ ክዳኑ ወደ ላይ ተነፍቷል፤ ጎኑም አብጧል። ሮጬ እትዬን ጠራሁ። "ማንም እንዳይጠጋ!" አሉ። በርና መስኮት አስከፈቱ። ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ቀስ እያሉ አላሉት። ጋዙ እየጮኸ ወጣ፤ አረፋው ተከተለ።

"አንተ ልጅ፣ ጠጅ እኮ ይተነፍሳል። እንዲህ አፍነኸው እንዴት ይሆናል?"

"እትዬ፣ ጀሪካኑንም እኮ ሁልጊዜ እዘጋው ነበር።"

"የጀሪካንህ ክዳን አሮጌ ነው። አንተ ሳታውቅ እሱ ያስተነፍስልህ ነበር።"

እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። እርሾ ስኳሩን ሲበላ በክብደት ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል፣ ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ። 1 ኪሎ ማር ሙሉ በሙሉ ከፈላ ወደ 200 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል። በርሜሉ ውስጥ የገባው ማር ደግሞ ስንት ኪሎ ነው! ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በተዘጋ ክፍል ሰው ሊያፍን ይችላል። እትዬ መጀመሪያ በር ያስከፈቱት ለዚህ ነው።

ከበርሜሉ በፊት የምንጥልበት ጋንም ብዙ ሥራ ይሠራልን ነበር። አፉ በጨርቅ ስለሚታሰር ያስተነፍሳል። ሸክላው ያልባል፤ ላቡ ሲተን ጠጁ ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ አያልብም። ጠጅ ሲፈላ ራሱም ሙቀት ያመነጫል፤ ዕቃው በተለቀ ቁጥር ያ ሙቀት መውጫ ያጣል። በአዳማ ከሰዓት ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር፣ ከ30 ዲግሪ በላይ የፈላ ጠጅ ጉሮሮ የሚፍቅ ጣዕም ያመጣል። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። በርሜል ግን በሽቦ ከፈተጉት ይጫጫራል፤ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ የሚያኮመጥጥ ተህዋስ ይደበቃል። ለስላሳ ጨርቅ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ቤቱ ጠጅ መጣል የጀመረ ሰው ብር ሲያገኝ መጀመሪያ ትልቅ ዕቃ ባይገዛ እመርጣለሁ። እኛ ክዳኑን በስተን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገባን፣ ዙሪያውን አጥብቀን ደፈንን። የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነከረ። ጋዙ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፤ አየርና ዝንብ አይገባም። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ቀጥሎ ቴርሞሜትር ገዛን። በርሜሉን ጥላ ውስጥ አቁመን እርጥብ ጆንያ ጠቀለልንበት።

በመጨረሻ ሃይድሮሜትር መጣ፤ ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚያሳይ የመስታወት ዘንግ ነው። ብርዙ ላይ 1.100 አካባቢ ያሳያል፤ ስኳሩ ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል። እትዬ ምላሳቸው ይበቃቸዋል። ልጁ ግን በየጊዜው እየለካ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ እሳቸውም ቀምሰው የተናገሩትን ከቁጥሩ ጎን ያሰፍራል። ቁጥሩ መውረድ ያላቆመ ጠጅ ለደንበኛ ሲወጣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ዕቃው ቆሞ ይጫናል፤ ለሹፌሩም ይነገረዋል።