አስፋልቱ መቼ ይጀመራል?

መንገድ አይደለም። ካርታው ላይ ያለችው ጥቁር መስመር መንገድ አይደለችም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ግን ሰው ሁሉ ጠቀስ አድርጎኝ፣ «ገባኝ፣ ገና አልጸደቀም ማለት ነው» ይለኛል።

የተፋሰስ ሥራ ጥር ላይ ሲጀመር ትልቅ ካርታ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል። እርከኑ የት ይሠራ፣ የትኛው ቦረቦር ይቅደም የሚባለው እዚያ ላይ ነው። አለቃዬ የሳተላይት ምስሎቹን ገጣጥሜ እንዳትም አዘዘኝ። በእሱ ቤት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሥዕል መለጠፍ መስሎታል።

ምስሉን የሚያነሳው ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በእኛ ሰማይ በየ5 ቀኑ ያልፋል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ግድም። የሰሜን ሸዋ ደመናም ይህን ቀጠሮ ያውቃል፤ አርፍዶ አያውቅም። የጣርማበርን ጉም በመኪና መስኮት ያየ ሰው ይረዳኛል። ስለዚህ ጥርት ያለውን ስለቃቅም የወረዳው ግማሽ ከጥቅምት፣ ግማሹ ከጥር ሆነ። በጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፤ በጥር ጤፉም ስንዴውም ታጭዶ ቢጫ ነው። ቀለሙን ላቀራርብ ኪውጂአይኤስ ከሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ጋር ስታገል መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። ስብሰባው ደግሞ ነገ ነው።

ጥቁር መስመሯን ግን እኔ አላሰመርኳትም። ዜሮ ነው ያሰመራት። የሳተላይት ምስል ዳርና ዳሩ ባዶ ነው፤ ባዶው በኮምፒውተር ቋንቋ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ሲታይ ጥቁር ነው። ስለዚህ ምስሎቹን ስትደራርብ ሶፍትዌሩን «ዜሮን አትቁጠር» ትለዋለህ። አልኩት። እሱም አልቆጠረም። ችግሩ፣ የቢሯችን አሮጌ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የድሮ የካርታ መለኪያ ስለተሠሩ ምስሎቹ አስቀድመው ወደዚያ ተቀይረው ነበር። ሲቀየሩ ዳር ያሉት ፒክስሎች፣ ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ካሬዎች፣ ከጎናቸው ካለው ባዶ ጋር ተቀየጡ። ለዜሮ የቀረቡ፣ ዜሮ ግን ያልሆኑ ቁጥሮች ያዙ። ሶፍትዌሩም «እነዚህማ መሬት ናቸው» ብሎ ከላይ አስቀመጣቸው። ላፕቶፑ ላይ አትታይም። በ1 ለ50,000 ስትታተም ግን ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳለች። ሳተላይቱ ሲያልፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ስለሚል እሷም ዘንበል ብላለች። በዚያ ላይ ገደል አይበግራትም፤ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ቀጥ ብላ ገብታ በወዲያኛው በኩል ቀጥ ብላ ትወጣለች።

ካርታ የሚያትመው ትልቁ ማሽን፣ ፕሎተሩስ? እሱም የኔ ሥራ ሆኗል። ጂአይኤስ፣ ማለትም ካርታ በኮምፒውተር መሥራት፣ የተማረ ሰው ቀለም ይሞላል፣ የተቀረቀረ ወረቀት ይነቅላል፣ የሒሳብ ክፍሏን ስልክ ይከፍታል፣ የአለቃውን ልጅ ፎቶ ለፓስፖርት ይቆርጣል። የመስክ አበል ሲመጣ ግን «አንተ ቢሮ ነህ» ይባላል። ይሄን የማነሳው ከነገሩ ጋር ስለሚያያዝ አይደለም። ስላናደደኝ ነው።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። አለቃዬ ስለ እርከን ሲያብራራ በርኖስ የደረቡ አንድ አባት ከኋላ ተነስተው መጡ። ካርታው ስር ቆመው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። የዱላቸውን ጫፍ መስመሯ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ወደ ታች ጎተቱት። ወረቀቱ ሲጫር ይሰማኛል። የጀማ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ዱላውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አስፋልቱ መቼ ይጀመራል?»

«አባቴ፣ ይሄ መንገድ አይደለም። የሁለት ፎቶ መገጣጠሚያ ነው።»

«እሱማ፤ መንገድ እኮ አገር ከአገር የሚያገጣጥም ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። ነገር ግን አንድ ጎልማሳ «ስፋቱስ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ በሙያዬ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። «አንድ ፒክስል 10 ሜትር ነው፤ ይቺ አንድ ሁለት ፒክስል ብትሆን… ቢበዛ 20 ሜትር» አልኩ።

«ሃያ ሜትር!»

ከሴቶቹ በኩል እልልታው ቀለጠ።

ከዚያ በኋላ እኔን የሚሰማ የለም። አንዱ «ጀማን በምን ይሻገራል?» ሲል ሌላው «ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጣርማበርን በስቶ የለም ወይ፣ አሁን ምን ያቅታል?» ብሎ ዘጋው። አንዷ እናት ደግሞ ከመስመሯ በስተግራ ያለውን የጥቅምት አረንጓዴ አይተው፣ «ገና ሳይጀመር እንዲህ ያለመለመ ሲያልቅማ እንዴት ሊሆን ነው!» አሉ። በቀኝ በኩል የተቀመጡት የቢጫው ቀበሌ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። መስኖው ለምን በዚያ በኩል ብቻ ሆነ? አለቃዬን አየሁት። ሊያስተባብል ይችል ነበር። ሰው እንደዚያ አጨብጭቦለት ስለማያውቅ መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ ውሃ ጠጣ።

አሁን ወሬው ካሳ ላይ ደርሷል። መስመሯ በአንዱ በረት ላይ ታልፋለች፣ የሌላውን ጓሮ በክንድ ያህል ትስታለች ይባላል። የሳተችው ሰውዬ ቢሮ ድረስ መጥቶ «ወንድሜ፣ ትንሽ ሳብ አድርግልኝ» ብሎኛል፤ ማር ይዞ ነው የመጣው። ለቦረቦሩ ተብሎ ከወረደው ችግኝ ላይ ባህር ዛፉ ተመርጦ መስመሯን ይዞ ተተክሏል፤ ካሳ ሲሰላ ዛፍ ይቆጠራላ። ቦረቦሩ እንደ ድሮው ባዶውን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ባህር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ መሆኑ ነው። ጥቂት ዓመት ጠብቁና ጥቅጥቅ ብሎ ወፍራም ረድፍ ይሆናል። ያኔ ሴንቲኔል ሲያልፍ በ10 ሜትር ፒክስል ቁልጭ አድርጎ ያነሳዋል፤ ምስሉን አንድም ስፌት ሳይኖረው ብገጥመው እንኳ መስመሯ እዚያው ናት።

ስሜም ተቀይሯል። ሻይ ቤት ስገባ «ኮንትራክተር፣ ና እዚህ ጋ» ነው የምባለው። ሒሳብም አያስከፍሉኝም፤ ለአስፋልቱ ሲሉ ነው። መጀመሪያ ላይ እሟገት ነበር። አሁን ማኪያቶ አዛለሁ።

በቀደም ደግሞ ከጎረቤት ወረዳ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። መስመሯ ድንበራቸው አጠገብ ደርሳ ለምን እንደዘለለቻቸው በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ይጠይቃል፤ ግልባጩም ለሚመለከታቸው ሁሉ ሄዷል። አለቃዬ ደብዳቤውን ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መስመሩን ያሰመረው ባለሙያ መልስ ይስጥበት» ብሎ መርቶልኛል።