ድሬ ላይ የጣለኝ ብርጭቆ ነው

የአክስቴ ፔርሙዝ ሁለት ሊትር ይይዛል። ሻዩ ከቀረፋው፣ ከሄሉና ከቅርንፉዱ ጋር ሲፈላ ስኳሩም አብሮ ይፈላል። ስለዚህ «ለኔ ያለ ስኳር» ብሎ ነገር እዚያ ቤት የለም። ይህን ያወቅኩት ድሬዳዋ በገባሁ ማግስት ጠዋት ነው። ያውም ሁለተኛውን ብርጭቆ ከጨረስኩ በኋላ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጥር ላይ የሦስት ወር ስኳሬን ስመረመር 6.2 በመቶ ሆነ። ሐኪሟ «ስኳር አልያዘሽም፤ ደጁ ላይ ግን ቆመሻል» አለችኝ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ደጅ ነው፤ ከ6.5 ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ነሽ። መድኃኒት አልጀመርኩም። ካርቦሃይድሬት ግን ቀነስኩ፤ በቀን 80 ግራም ገደማ። ምሳ ላይ ሩብ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ጭራሽ የለም። (መርፌ ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ እኔን አይታችሁ እንዳትጀምሩ። መጀመሪያ ሐኪም መድኃኒቱን ካላስተካከለው ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።) አራት ወር ሙሉ ጀግና ነበርኩ። በራስ ቤት ጀግና መሆን ምን ያቅታል? ገዢዋም እኔ፣ አብሳይዋም እኔ።

ከዚያ የ2017 አረፋ ደረሰ። አክስቴ ደወለች። «ዘንድሮ ካልመጣሽ ቀብሬም ላይ እንዳትመጪ» አለች። እሷ ሰው የምትጋብዘው እንዲህ ነው።

ከመሄዴ በፊት የፈራሁት ገበታውን ነበር። ሩዝ በሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ባጂያ፣ ፈቲራ፣ ሙሸበክ። የማልነካቸውን ስልኬ ላይ ጽፌ፣ እንቁላል ቀቅዬ፣ ለውዝ ቋጥሬ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ኋላ ሳየው በከንቱ ነው የተጨነቅኩት። ቁርስ ላይ ጉበት የሚበላበት ከተማ ውስጥ ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ ማን ይቸገራል? ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ጉበት በሽንኩርትና በቃሪያ አዘዝኩ። ዳቦውን አጠገቤ ለተቀመጡ የባጃጅ ልጆች አሻገርኩላቸው። «አቦ ይመችሽ!» አሉኝ። በእነሱ ዕድሜ ያለሁ ነው የሚመስለው፤ 47 ዓመቴ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ እኔም ደስ ይለኛል።

የጣለኝ ብርጭቆ ነው።

ሐሙስ ግንቦት 28፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ የአረፋን ቀን ጾምን። ስልኬ 36 ዲግሪ ይላል። የአክስቴ ቬንትሌተር ሞቃቱን አየር ከግድግዳ ግድግዳ ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። ረሃቡ ምንም አላለኝም፤ ጥሙ ግን ምላሴን ከላንቃዬ ጋር አጣበቀው። ስናፈጥር አንድ ተምር በላሁ፣ በራሴም ኮራሁ። ቀጥሎ የማንጎ ጁስ መጣ። ማንኪያ ቢሰኩበት የሚቆም፣ በረዶ የመሰለ። ስኳር አልተጨመረበትም፣ «ፍራፍሬ ነው» አልኩና አንዱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ሁለተኛው ሲቀዳልኝም ዝም አልኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቴን ወግቼ የዚያን ሰዓት ስኳሬን ለካሁ። 187 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ጠዋት 104 ነበር።

ማታ በወረቀት አሰላሁት። አንድ ብርጭቆ ውስጥ 300 ግራም ማንጎ ከገባ ከ40 ግራም በላይ ስኳር አለው። ሁለት ብርጭቆ ማለት የቀን ድርሻዬ በሙሉ ማለት ነው፣ አንዲት ሳምቡሳ ሳልነካ! የሦስት መቶ ሚሊ ለስላሳ ወደ 32 ግራም ነው። የአክስቴ ሻይ በትንሿ ብርጭቆ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢኖረው እንኳ 8 ግራም ነው፣ እኔ ደግሞ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ጠጥቻለሁ። ስልኬ ላይ የጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ አንድም መጠጥ አልነበረም።

በዓሉ ቀን ደግሞ ዘመድ ጥየቃ አለ። ምግብ እንቢ ማለት ቀላል ነው። «አሁን ከዚያኛው ቤት በልቼ» ካልሽ ይቀበሉሻል። በዚያ ሙቀት የቀዘቀዘ የለስላሳ ጠርሙስ ተከፍቶ ሲሰጥሽ እንቢ ማለት ግን የሰውን ፊት መግፋት ነው። ሰባት ቤት ገባን። ከሰዓት በርጫ ላይ ያሉት ጋ ስንደርስ ደግሞ ጠርሙሱ ሳይጠይቁሽ ነው የሚከፈተው። አልቅምም፣ ጠርሙሱ ግን ቃሚና አላፊ አይለይም።

ገበታው በተቃራኒው ደግ ነበር። በጉ ታርዶ ሥጋው ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ለቤት፣ ለዘመድ ጎረቤት፣ ለሚስኪን። ጉበቱን መጀመሪያ ቀመስን፣ ቀጥሎ መረቅ በሎሚ። ሩዙን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ሥጋውን ስበላ ማንም ልብ አላለኝም። በዓሉ ኢድ አል ፈጥር ቢሆን ኖሮ በጣፋጩ አልቆልኝ ነበር።

በማግስቱ ራሴን ፈለጠኝ። አክስቴ «ስኳር አጥሮሽ ነው» ብላ ፔርሙዙን አነሳች። ስኳር አይደለም፣ ጨው ነው። ካርቦሃይድሬት የሚቀንስ ሰው ኩላሊቱ ከወትሮው የበለጠ ጨውና ውሃ ያስወጣል። የድሬ ላብ ሲጨመርበት ምን እንደሚተርፍ አስቡት። አንድ ጣሳ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቄ፣ ጨው ቆንጥሬ ጠጣሁ። እስከ ምሳ ተሻለኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቀፊራ ገበያ ወርጄ የራሴን ፔርሙዝ ገዛሁ፤ ግማሽ ሊትር፣ ቀይ። አክስቴ ስታየው ተቆጣች።

«ያለ ስኳር ሻይ? በሽተኛ ነሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«እንዳልሆን ነው አክስቴ።»

ትንሽ አሰበችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጊዜ ማፍላት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሆጃ አፈላችልኝ፤ የቡና ገለፈት በወተት፣ በጨው። እንዴት ረሳሁት? ልጅ ሆኜ እዚሁ ቤት ስጠጣው ያደግኩት ነው። አንድ ቀን ጎረቤቷ ተሳስታ ከቀዩ ፔርሙዝ ቀዳች። አንዴ ፉት ብላ ብርጭቆውን አየችው፣ አክስቴን አየቻት። «ወላሂ» አለች፣ «ይሄ ሻይ ሞቷል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሐረር ሄድን። ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ሐሮማያ ሲደርስ መስኮት ዘጋን። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ጥሙም እዚያ ጠፋ። በግንብ የታጠረው ጁገል ውስጥ ግማሽ ቀን ስንዞር አንድ ጠርሙስ ውሃ በቃኝ። ሥጋ ተራ ላይ ጭልፊቶቹ ከሰው እጅ ሥጋ ለመንጠቅ ሲያንዣብቡ ቆመን አየን። የግመል ሥጋ ጥብስ በላሁ፣ በሚጥሚጣ። ከሁሉም ቀን የቀለለኝ ያ ቀን ነው።

ስሸኝ አክስቴ አንድ ኪሎ የሐረር ሐለዋ በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠች። «ላንቺ አይደለም፣ ለመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ነው» አለች። እሺ አልኩ። ጉልበቴ ላይ ይዤው ተሳፈርኩ። ቅቤውና ሄሉ በጋዜጣው አልፎ ይሸታል። ጭሮ ስንደርስ ሩቡ አልቋል። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ በላው እንዳልል፣ እሱ ገና ከድሬ ሳንወጣ ነው እንቅልፍ የወሰደው።