ቁጭ ብዬ የበላሁበት ቅዳሜ

ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት እንግዶቼን ሸኝቼ ሳህን ሳላጥብ ተኛሁ። ዛሬ በጠዋት የተነሳሁት ሳህኑን ለማጠብ ሳይሆን ይህን ለመጻፍ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ሰመር ሲገባ ሰው ሁሉ ግሪሉን ያወጣል። ጁላይ 4 ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እኛ ቤት ግን ያን ቀን ሥጋ አይጠበስም። በእኛ ሰኔ 27 ነው፤ የሐዋርያት ጾም ገና አላለቀም። የእኛ ባርቤኪው የሚጀመረው ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ጾሙ ሲፈታ ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ የምትቀረው ጊዜ ትንሽ ናት። ዘንድሮ ሐምሌ 5 ቅዳሜ ዋለ። ታዲያ እንዴት ይታለፋል?

ድሮ ሰው ስጠራ ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ እሰነብት ነበር። እንግዳ ከመጣ በኋላም ከምድጃው ሥር አልጠፋም። እናቴንም ያየኋት እንደዚያው ነው። ሰው ጠርታ አብራ ስትበላ አይቻት አላውቅም። "እናንተ ብሉ፣ እኔ ቀማምሻለሁ" ነበር የምትለው። አምና የልጄን ልደት ፎቶዎች ሳገላብጥ እኔ አንዱም ላይ የለሁም። ያ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ዘንድሮ ወጥ የሚባል ነገር አልሠራም አልኩ። ሥጋና ሰላጣ፣ በቃ።

አዚፋውን ዓርብ ማታ ጨረስኩት። ድፍን ምስር ቀቅዬ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደፍጠጥ አደረግኩት። ከዚያ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይትና ሰናፍጭ። አዚፋ አድሮ ነው የሚጥመው። ቀይ ሥሩን ከነልጣጩ ቀቀልኩት፤ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ሲበርድ ልጣጩን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ሸርተት ብሎ ይወልቃል። ጥፍሮቼ ሥር እስካሁን ቀይ ነው። ድንቹ ላይ ጨውና ሎሚ የጨመርኩት ገና እንፋሎቱ ሳይወጣለት ነው፤ ያኔ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ቲማቲሙን ግን እንግዶቹ በር ላይ እስኪደርሱ አልነካሁትም። ጨው ቀድሞ ከገባበት ውኃ አውጥቶ ይዋኛል።

"ምን ይዤ ልምጣ?" ሲሉኝ እንደ ወትሮው "ምንም" አላልኩም። አንዷን በረዶ አምጪ አልኳት። የሰላጣ ሳህኖቹን በረዶ ላይ ደረደርናቸው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ምግብ ከ1 ሰዓት በላይ ውጪ መቆየት የለበትም፤ ልጆች ደግሞ አሉ።

ሥጋው ብዙ ጣጣ አልነበረውም። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ዘይት፣ ጨው። ሚጥሚጣውና አዋዜው ለብቻ። ትዕግሥት የሚፈልገው ከሰሉ ነው፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፊቱ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ አለበት። ያንን ለባለቤቴ ተውኩለት።

አንዷ ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። የእኔን ሥጋ እሷ አትበላም፣ የእሷን እኔ አልበላም። ከአገር ቤት ጀምሮ የኖርንበት ስለሆነ ማንም አይከፋበትም። የራሷን ሐላል ጎድንና ትንሽ ግሪል ይዛ መጣች። ሁለቱ ግሪሎች ጎን ለጎን ጨሱ። አዚፋው ግን አንድ፣ ቀይ ሥሩ አንድ፣ ቲማቲሙ አንድ። የሁላችንም እጅ የተገናኘው እነሱ ላይ ነው። ሰላጣን እንደ ማባያ ብቻ ሳየው ኖሬያለሁ። ትናንት የማዕዱ ዋና እሱ ነበር። የጎረቤታችን አሜሪካዊት ሥጋ አትበላም፤ አዚፋውን ሦስት ጊዜ አነሳች።

እኔ በልማድ ብድግ፣ ብድግ ስል ጓደኛዬ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ! ሁሉም እጅ አለው።" ቁጭ አልኩ። ሳህን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ በላሁ።

ከዚያ በቆሎ ጣልንበት። ልጆቹ ቅቤ ቀቡት። እኔ የወደድኩት ጥቁር ጥቁር ያለውን፣ እንዲሁ ነው። ሽታው ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን። የክረምት ሽታ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ እንደረጠበ መንገድ ዳር የሚጠበሰው እሸት።

እናቴ በቪዲዮ የደወለችው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እዚህ ጓሮ ድረስ ተሰማ። ልጆቹ ስልኩን ከበው ሰሙት።

"እንግዶቹ በሉልሽ?" አለችኝ።

"በሉ እማዬ።"

"አንቺስ?"

ሳህኑን አነሳሁና አሳየኋት። የቀይ ሥሩ ቀለምና የበቆሎው ቆረቆንዳ ብቻ ነበር የቀረው። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ" አለች። እሷስ እራት በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ቀማምሻለሁ" አለችኝ።