አሥራ ሁለቱስ?

ደሴ ውስጥ በአንድ የሸማቾች ማህበር ሱቅ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ የድጎማ ዘይት በኮታ ነው የሚመጣው፤ ለአንድ ቤተሰብ ባለ 5 ሊትር አንድ ጀሪካን። ዘይት ገባ ከተባለ ሰዉ የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገፈፍ ይሰለፋል። ጋቢ የተከናነቡ እናቶች በድንጋይ ወረፋ ይዘው ይቆማሉ።

በራችን ላይ ትልቅ ባነር ነበር፤ «ሕዝብን ማገልገል ክብራችን ነው» የሚል። ዘይት በተራገፈ ቁጥር ፎቶ እናነሳና ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። ስንት እንደገባ ግን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን ሰልፉ ሳያልቅ ዘይቱ አለቀ። አንዲት እናት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ነበር የገባው?» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ የውስጥ አሠራር ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «የመጣው ለእኛ፣ የሚደበቀው ከእኛ?» ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። መልስ አልነበረኝም።

ለሚቀጥለው ዙር ጥቁር ሰሌዳ አስሠርቼ በሩ ላይ ሰቀልኩ። በጠመኔ «የገባ 300» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ማታ ከመጋዘን «አልቋል» ሲሉኝ ደረሰኞቹን ደምሬ «የተሸጠ 288» ብዬ ጨመርኩበት። ለእናቱ ወረፋ የያዘ ተማሪ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየና «አሥራ ሁለቱስ?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። እኔም አላውቅም ነበር። «ጠብቁኝ» ብዬ መጋዘን ገባሁ። አሥራ ሁለቱ ጀሪካኖች ከስኳር ጆንያዎቹ ጀርባ ተደርድረዋል፤ ላስቲክ ለብሰው።

ኃላፊያችንን ጠየቅኳቸው። «ለእንግዳ የተያዘ ነው። ከበላይ ሰው ቢመጣስ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልማዱን ከቀደሟቸው ነው የወረሱት።

«እሺ ጋሼ፣ እንደዚያው ሰሌዳው ላይ ልጻፈዋ። 12 ለእንግዳ የተያዘ ብዬ።»

ዝም አሉ። በበሩ በኩል ሰልፉን አዩት። «ተው፣ አትጻፍ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አውጥተህ ሽጠው» አሉኝ።

ይህን ያጫወትኩት መምህር ወዳጄ፣ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው አለኝ። የሌላውን ሰው መብት የሚነካ ሥራ ሐሳቡን ይፋ ማውጣት ካልተቻለ ሥራው ትክክል አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ለእኔ አዲስ ነገር አልመሰለኝም። አባቶቻችን አዋጅን በነጋሪት ጎስመው ገበያ ላይ ነበር የሚያሰሙት። በ1934 የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው በዚያው ከበሮ ስም ነው። ባነርና ፎቶ ስለ ራሳችን የምናወራበት ነው። ቁጥሩ ግን ሰዉ እኛን የሚጠይቅበት ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ስንት ዓመት ከረምን!

ሁሉም ነገር ሰሌዳ ላይ ይውጣ ግን አልልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዱቤ ያልከፈሉትን ስም እንለጥፍ ብሎ ነበር። አጥብቄ ተቃወምኩ። ዘይቱ የጋራ ነው፤ የሰው ማጣት ግን የራሱ ገመና ነው። ወሎ ላይ ገመና ሸፍኖ ማደር የቆየ ወግ ነው፤ ያንን በሰሌዳ ላፈርሰው አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላም አንዳንድ ቀን ዘይቱ ሰልፉ ሳያልቅ ያልቃል። ሰዉ ያዝናል፤ ግን ሰሌዳውን አይቶ፣ ደምሮ ይሄዳል። የመስኮቱ ጩኸት ቀረ።

አንድ ሰኞ አርፍጄ ስደርስ እኚያ እናት ከሰሌዳው ሥር ቆመዋል። የሌሊቱ ዝናብ ጠመኔውን አጥቦታል።

«ልጄ፣ የገባው አልተጻፈም» አሉኝ።

በሩን ሳልከፍት ጠመኔዬን አወጣሁ።